ሦስት ሕመምተኛ ቢገለበጥ

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የኢሌይን ጥናት ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ቁጥር አለ፤ ካሰላሁት ወዲህ ሲነዘንዘኝ ኖሯል። ጥናቱ የተሠራው በጀርመን ሙንስተር፣ በአንድ ማዕከል ብቻ ነው። ኩላሊታቸው በድንገት የተጎዳ 231 ጽኑ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 112ቱ የኩላሊት እጥበት (ደምን በማሽን ማጣራት) ቶሎ ተጀመረላቸው፤ 119ኙ ጉዳቱ ሦስተኛው ደረጃ እስኪደርስ ተጠበቁ። በ90 ቀን ውስጥ ቶሎ ከታጠቡት 44፣ ከተጠበቁት 65 ሞቱ። 39 በመቶ ከ55 በመቶ ጋር ማለት ነው፤ ፒ-ቫልዩው (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል) 0.03። በልማድ ከ0.05 በታች ሲሆን «ስታቲስቲካዊ ትርጉም አለው» ይባላል።

ይህን ያነበበ ሐኪም ማሽኑን ቶሎ ለማስጀመር ቢቸኩል አይፈረድበትም። በጽኑ ሕክምና ውስጥ ሞትን በ15 በመቶ ነጥብ የሚቀንስ ነገር እጅግ ብርቅ ነው። ያ ያልተጻፈው ቁጥር ግን 3 ነው። ቶሎ ከታጠቡት መካከል ከሞት የተረፉ ሦስት ሰዎች ሞተው ቢሆን ኖሮ፣ ውጤቱ «ስታቲስቲካዊ ትርጉም አለው» ሊባል አይችልም ነበር። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ ሦስት ሞት የሚጨምርም የሚቀንስም፣ ከእጥበቱ ሰዓት ጋር ምንም የማይገናኝ ብዙ ምክንያት አለ።

## ቁጥሩ እንዴት ይወጣል

ይህ ቁጥር ፍራጂሊቲ ኢንዴክስ ይባላል፤ የአንድን ውጤት ተሰባሪነት የሚለካ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ረድፍና ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ይሠራል፦ በአንዱ ቡድን ክስተቱ የደረሰባቸውና ያልደረሰባቸው፣ በሌላውም እንዲሁ። ከዚያ ጥቂት ክስተት ያለበት ቡድን ይመረጥና ከ«አልደረሰበትም» አንድ ሰው ተነሥቶ ወደ «ደረሰበት» ይዛወራል። የቡድኑ ጠቅላላ ቁጥር አይነካም። ፊሸር ኤግዛክት ቴስት በተባለው፣ ለእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ በሚሆን ዘዴ ፒ-ቫልዩው እንደገና ይሰላል። 0.05 እስኪደርስ ወይም እስኪያልፍ አንድ አንድ ሰው እየተዛወረ ይቀጥላል። የተዛወሩት ሰዎች ብዛት ነው ቁጥሩ።

ኢሌይንን በዚህ መንገድ ብናስኬደው፣ በ44 ሞት ፒ-ቫልዩው 0.025 አካባቢ ነው። በ45 ወደ 0.036 ይጠጋል። በ46 ከ0.05 በታች ጠርዙ ላይ ይንጠለጠላል። በ47 ከ0.06 ያልፋል። ሦስት እርምጃ፣ አለቀ።

ስሌቱ የሚበላሸው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታዎች ነው። አንዱ፣ ጥሬውን ብዛት ትቶ ከመቶኛ መነሣት ነው፤ 39.3 በመቶን መልሶ ወደ ሰው ሲቀይሩ በአንድ ሰው መሳሳት ቀላል ነው፣ ሦስት ሰው ብቻ በሚቆጠርበት ቦታ ደግሞ አንድ ሰው ብዙ ነው። ሌላው አካፋዩን ማምታታት ነው፦ በዕጣ የተደለደሉትና በትንተናው የገቡት ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ የትኛው እንደተወሰደ አስቀድሞ መወሰን አለበት። አንዳንድ ጊዜም ገና ማንም ሳይዛወር ፊሸር ራሱ ከ0.05 በላይ ይሰጣል፤ ጥናቱ ሌላ ዘዴ ተጠቅሞ ትርጉም አለው ብሎ ያወጀው ውጤት ቁጥሩ 0 ሆነ ማለት ነው። እንደ ደም ግፊት ወይም ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ያለ በተከታታይ የሚለካ ነገር ላይ ግን ይህ ስሌት ከነአካቴው አይሠራም። አዎ ወይም አይደለም የሚባል ክስተት ይፈልጋል።

መለኪያውን በ2014 ያስተዋወቁት ሰዎች መሪ ማይክል ዋልሽ ራሱ የኩላሊት ሐኪም መሆኑ ደስ ይለኛል። እርሱና ባልደረቦቹ በታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች የወጡ 399 ጥናቶችን አስልተው መካከለኛው ቁጥር 8 ሆኖ አገኙት። ከጥናቶቹ ሩቡ 3 ወይም ከዚያ በታች ነበሩ። ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው ሌላው ግኝት ነው፦ በ53 በመቶዎቹ ጥናቶች፣ በመሃል ጠፍተው መጨረሻቸው ያልታወቀ ተሳታፊዎች ከተሰባሪነት ቁጥሩ ይበልጡ ነበር። የጠፉት ሰዎች ብቻቸውን ድምዳሜውን መገልበጥ ይችሉ ነበር ማለት ነው። በኩላሊት ሕክምና ጥናቶች ላይ ብቻ ያተኮሩ ግምገማዎች ደግሞ ከ8 ያነሰ መካከለኛ ቁጥር አግኝተዋል፤ ጥናቶቹ ትናንሽ ስለሆኑ አይገርምም።

## በኋላ የሆነው

ኢሌይን በወጣበት ዓመት አኪኪ የተባለው የፈረንሳይ ጥናት 620 ሰው ይዞ ወጣ፤ በ60 ቀን ሞት 48.5 ከ49.7 በመቶ ጋር፣ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ከተጠበቁት ግማሽ ያህሉ እጥበት ሳያስፈልጋቸው ቀረ። በ2018 አይዲያል-አይሲዩ 488 የሴፕቲክ ሾክ (ኢንፌክሽን የደም ግፊትን እጅግ ያወረደባቸው) ሕመምተኞችን ይዞ ምንም ጥቅም አላገኘም። በ2020 ስታርት-ኤኬአይ ከ2,900 በላይ ሰው ተንትኖ 643 ሞት ከ1,465፣ 639 ሞት ከ1,462 አስመዘገበ። 43.9 በመቶና 43.7 በመቶ። ከዚህ በላይ «ልዩነት የለም» የሚል ቁጥር አይገኝም።

እዚህ ላይ ቆሞ ሕግ ማውጣት ያጓጓል፦ ቁጥሩ 3 ከሆነ ጣለው። ብዙ ሰው ይህን መለኪያ የሚጠቀምበት እንዲህ ነው። እኔን ግን ከኢሌይን ጎን ሌላ ሰንጠረዥ ሳስቀምጥ ያ ሕግ ፈረሰብኝ።

በ2006 የታተመው ቾየር የተባለ ጥናት ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመምና የደም ማነስ ያለባቸው 1,432 ሰዎች ላይ ቀይ የደም ሴሎችን የሚያበዛውን ኢፖኤቲንን ፈተነ። ሁሉም መድኃኒቱን አገኙ፤ የተለየው ግቡ ነው፤ ለአንዱ ቡድን ሂሞግሎቢን 13.5፣ ለሌላው 11.3። የተጠበቀው ከፍ ያለው ግብ ልብን ይጠቅማል ተብሎ ነበር። ሞት፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክ ወይም በልብ መድከም ሆስፒታል መግባት ተደምረው ሲቆጠሩ ከፍ ባለው ግብ ከ715 ሰው 125፣ ዝቅ ባለው ከ717 ሰው 97 ሆኑ። ሃዛርድ ሬሾው (ክስተቱ በሁለቱ ቡድኖች የሚደርስበት ፍጥነት ንጽጽር፤ 1 ማለት እኩል ነው) 1.34፣ ፒ-ቫልዩው 0.03፤ ልክ እንደ ኢሌይን። የተሰባሪነት ቁጥሩ ከ2 አይበልጥም።

የኢሌይንን ያህል ወይም ከዚያ የባሰ ተሰባሪ ነው። ሆኖም ቾየር አልወደቀም። በ2007 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ በጥቁር ሳጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ አስገባ። በ2009 ትሪት የተባለ ጥናት 4,038 የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኞችን ይዞ ሲወጣ፣ የዚያው ዓይነት መድኃኒት በሆነው በዳርቤፖኤቲን ሂሞግሎቢናቸው 13 ላይ እንዲደርስ ከተሞከረላቸው 101፣ ከፕላሴቦው (የማስመሰያ መድኃኒት) ቡድን 53 ስትሮክ አጋጠማቸው። ትሪት የቾየርን ውጤት ቃል በቃል አልደገመም፤ በተደመረው የልብና የደም ሥር መለኪያ ላይ ልዩነት አላገኘም። ግን ስትሮክን እጥፍ አድርጎ አሳየ፣ ጥቅምን አላሳየም። ሂሞግሎቢንን እስከ 13 መግፋት አይበጅም የሚለው ድምዳሜ ጸና።

አንድ ዓይነት ተሰባሪነት፣ ተቃራኒ ዕጣ። ቁጥሩ ብቻውን ሁለቱን መለየት ካልቻለ የለያቸው ምንድን ነው?

## የለያቸው ከሰንጠረዡ ውጭ ነው

መጀመሪያ የልዩነቱ መጠን። በኢሌይን ሁለቱ ቡድኖች እጥበት የጀመሩበት ሰዓት መካከለኛ ልዩነት ከ20 ሰዓት አይበልጥም፤ 6 ሰዓት ከ25.5 ሰዓት ጋር። ከተጠበቁትም 91 በመቶው በኋላ ታጥበዋል። ስለዚህ ጥናቱ ያነጻጸረው እጥበትን ከእጥበት አልባነት ጋር አይደለም፤ ዛሬን ከነገ ጋር ነው። ከአንድ ቀን ባነሰ ልዩነት በየመቶ ሕመምተኛው 15 ሞት ማዳን ሥነ ሕይወታዊ ማብራሪያው ከባድ ነው። በትንሽ ጥናት ውስጥ በጣም ትልቅ ውጤት ሲታይ ጥርጣሬዬን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ምክንያቱም 231 ሰው ብቻ ባለበት ጥናት የ0.05ን አጥር ለመዝለል ልዩነቱ የግድ ትልቅ ሆኖ መታየት አለበት። ትክክለኛው ልዩነት ትንሽ ቢሆን ኖሮ ጥናቱ አያየውም ነበር፤ ስለዚህ «ተገኘ» ተብሎ የሚታተመው በአጋጣሚ የተጋነነው ነው።

በቾየር ያለው 17.5 ከ13.5 በመቶ ጋር ነው። መጠነኛ ነው፣ ሊታመን የሚችል ነው፣ አዘጋጆቹ ከተመኙትም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ሰው የሚፈልገውን ውጤት ሲያገኝና የማይፈልገው ሲመጣበት ማስረጃውን እኩል አያጣራውም፤ ሳይፈለግ የመጣ ውጤት ብዙ ጊዜ ብዙ ወንፊት አልፎ ነው የሚደርሰን።

ከሁሉ በላይ ግን ቾየር ብቻውን አልነበረም። በ1998 እጥበት ላይ ያሉ 1,233 የልብ ሕመምተኞች ላይ ሄማቶክሪትን (ቀይ ሴሎች በደም ውስጥ ያላቸውን ድርሻ) ወደ ጤናማ ሰው ልክ ለማድረስ የሞከረ ጥናት በከፍተኛው ግብ 183 ሞት፣ በዝቅተኛው 150 ሞት አይቶ ቀድሞ ተቋርጦ ነበር። ያም ብቻውን አሳማኝ አልነበረም፤ የኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ንጽጽር ሊገኝበት የሚችለው ክልል) ከ1 በታችም ከ1 በላይም ይዘረጋ ነበር። ነገር ግን ሁለት ደካማ ምስክሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠቁሙ ነገሩ ይለወጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ኢሌይን ግን የሚያብረው ድር አላገኘም፤ በዚያው ዓመት ከጎኑ የቆመው አኪኪ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሳበው።

ስለዚህ የተሰባሪነት ቁጥርን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ነው የምይዘው። «ይህ ውጤት በራሱ እግር መቆም አይችልም፤ ታዲያ ምን ደግፎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ድጋፉን ፍለጋ ከሰንጠረዡ መውጣት ግድ ነው።

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ይህን መለኪያ የሚነቅፉ ሰዎች ፒ-ቫልዩን በሌላ ቋንቋ ከመናገር አያልፍም ይላሉ፤ ብዙ እውነት አለበት። የጥናት አዘጋጆች የተሳታፊውን ቁጥር የሚወስኑት የጠበቁት ልዩነት ካለ በ80 ወይም በ90 በመቶ ዕድል አጥሩን እንዲያልፍ ነው። የማያስፈልግ ሰው ለሙከራ አለማጋለጥ ሥነ ምግባራዊ ግዴታ ስለሆነ፣ ጠባብ ማለፍ በከፊል በዕቅድ የመጣ ነው። በተጨማሪ ስሌቱ ጊዜን አያውቅም። በሁለተኛው ሳምንት የሞተና በሦስተኛው ዓመት የሞተ ለእርሱ አንድ ናቸው። እንደ ቾየር ባለ፣ ሰው ለተለያየ ጊዜ በተከታተለበት ጥናት ቁጥሩ ግምት እንጂ ልክ አይደለም።

## የወጡት ሰዎች

ከማንኛውም የኩላሊት ጥናት መጀመሪያ የማየው የተሳታፊዎቹን ፍሰት የሚያሳየውን ሥዕል ነው። ከውጤቱ ሰንጠረዥ በፊት። በቾየር ከፍ ባለው ግብ 278፣ ዝቅ ባለው 271 ሰዎች ክስተት ሳይቆጠርባቸው ከጥናቱ ወጥተዋል። በድምሩ 549፣ ከሁሉም 38 በመቶ። የተሰባሪነት ቁጥሩ ቢበዛ 2 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

በኩላሊት ሕክምና ሰው የሚወጣው ዝም ብሎ አይደለም። ኩላሊቱ ደክሞ እጥበት ይጀምራል፣ ንቅለ ተከላ ያገኛል፣ መድኃኒቱ አልስማማው ይላል። እጥበት በመጀመሩ ከክትትል የተቋረጠ ሰው በአማካይ ከቀሩት የታመመ ነው፤ ንቅለ ተከላ ያገኘው ደግሞ ከቀሩት ጤነኛ ነው። ተራው የጊዜ ትንተና ሁለቱንም «መረጃቸው እዚህ ላይ ቆመ፣ ከቀሩት ግን አይለዩም» ብሎ ነው የሚይዛቸው። ይህ ግምት በሁለቱም አቅጣጫ ሐሰት ነው። የሚረዳው፣ የጠፉት ላይ እየከፋ የሚሄድ ግምት እየጫኑ ውጤቱ በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚገለበጥ ማየት ነው። ከሕክምናው ቡድን የጠፉት ከቀሩት 10 በመቶ ቢብስባቸውስ? 30 በመቶስ? ውጤቱ የሚገለበጠው ማንም ሊያምነው በማይችል ግምት ላይ ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። ይህን ትንተና በተጨማሪ ገጾች ውስጥ የሚያስቀምጡ ጥናቶች አሉ፤ ከሌለ ግን አንባቢው የጠፉትን ብዛት ከተሰባሪነት ቁጥሩ ጋር ማነጻጸር ይችላል።

ሌላው የኩላሊት ብቻ የሆነ ችግር ክስተቱ ራሱ በላቦራቶሪ የሚወለድ መሆኑ ነው። ሞት ሞት ነው። «የኩላሊት የማጣራት አቅም በ40 በመቶ ቀነሰ» ግን በክሬያቲኒን ላይ የተሠራ ስሌት ነው። ተቅማጥ የያዘው፣ ውሃ ያጠረው ወይም አዲስ መድኃኒት የጀመረ ሰው ለሁለት ሳምንት ከመስመሩ በታች ወርዶ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ጥናት ሁለተኛ መለኪያ ይጠይቃል፤ ዳፓ-ሲኬዲ የተባለው የዳፓግሊፍሎዚን ጥናት ለምሳሌ የ50 በመቶ ቅነሳን የቆጠረው ቢያንስ ከ28 ቀን በኋላ በድጋሚ ሲረጋገጥ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ቀንሶ ሁለተኛው ሳይደረግ የቀረባቸው ሰዎች ምን ተባሉ? ክስተት ተቆጠሩ ወይስ ተተዉ? ቁጥሩ 3 በሆነበት ጥናት የዚህ ጥያቄ መልስ ድምዳሜውን ሊወስን ይችላል፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዋናው ጽሑፍ ሳይሆን በፕሮቶኮሉ ውስጥ ነው።

## ቀድሞ ማቆም

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጥናት ቀድሞ ሲቆም በአጋጣሚ ከፍ ባለበት ቅጽበት የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ቴስቲንግ የተባለው ጥናት አይጂኤ ኔፍሮፓቲ በተባለ የኩላሊት ሕመም ላይ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ሲፈትን፣ ኢንፌክሽን ስለበዛ ምልመላው በ262 ሰው ቆመ። በ2017 የወጣው ውጤት 8 ክስተት ከ136፣ 20 ክስተት ከ126 ነበር፤ ሃዛርድ ሬሾው 0.37። በጠቅላላው 28 ክስተት ነው፤ ኢንተርቫሉም ከ0.17 እስከ 0.85 የተዘረጋ ነው። ጥናቱ የመድኃኒቱ መጠን ተቀንሶ ቀጠለና በ2022 በ503 ሰው፣ 74 ከ106 ክስተት ጋር፣ 0.53 ሆኖ ወጣ። ጥቅሙ አልጠፋም፤ ተመጠነ። መጠኑ ስለተለወጠ ሁለቱ ቁጥሮች ፍጹም አይነጻጸሩም፣ የመጀመሪያውን ሁሉ በአጋጣሚ ማሳበብም አይቻልም። ያም ሆኖ ከ28 ክስተት የተገኘ 0.37ን ለሕመምተኛ እንደ ተስፋ ቃል መስጠት አልደፍርም።

ቀድሞ መቆም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ዳፓ-ሲኬዲም ቀድሞ ነው የቆመው፤ ሲቆም ግን 197 ከ312 ጋር፣ በድምሩ 509 ክስተት ይዞ ነበር። በእያንዳንዱ ቡድን 2,152 ሰው አለ። የተሰባሪነት ቁጥሩ ወደ 70 ይጠጋል። ከዚያ በፊት ክሬደንስ በካናግሊፍሎዚን 245 ከ340 ጋር አሳይቶ ነበር፤ በኋላም ኤምፓ-ኪድኒ በኤምፓግሊፍሎዚን፣ በ6,609 ሰው 432 ከ558 ጋር ደገመው። ሃዛርድ ሬሾዎቹ በወጡበት ቅደም ተከተል፣ ክሬደንስ 0.70፣ ዳፓ-ሲኬዲ 0.61፣ ኤምፓ-ኪድኒ 0.72። ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች፣ ሦስት የተለያዩ የሕመምተኛ ስብስቦች። እዚህ የተሰባሪነት ስሌት ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው ማለት ይቻላል። ማየት ያለብን የተሳታፊውን ብዛት ሳይሆን የክስተቱን ብዛት ነው፤ 4,000 ሰው ተመልምሎ 40 ክስተት ብቻ ካለ ጥናቱ ያው ትንሽ ነው።

## የማይሰበር ስሕተት

በሌላው ጫፍ ባርዶክሶሎን የተባለ መድኃኒት አለ። በ2011 የወጣው ቢም የተባለ ጥናት በ227 የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኞች ላይ የማጣራት አቅምን ከፍ አደረገ፤ ፒ-ቫልዩው ከ0.001 በታች ነበር። በተከታታይ የሚለካ ስለሆነ ሰው እያዛወሩ መፈተን አይቻልም እንጂ፣ በቀላሉ የማይናወጥ ውጤት ነበር። በ2013 ቢከን የተባለው የዚሁ መድኃኒት ጥናት 2,185 ሰው ይዞ ሲመጣ ግን በመድኃኒቱ ቡድን 96፣ በፕላሴቦው 55 ሰዎች በልብ መድከም ሆስፒታል ገቡ ወይም ሞቱ፤ ጥናቱ ተቋረጠ። ዋናው መለኪያ ላይ 69 ከ69 ጋር እኩል ነበር። ቢም የለካውን በትክክል ለክቷል። የለካው ነገር ግን ሕመምተኛው የሚፈልገው ነገር አልነበረም። በ2003 ሁለት የደም ግፊት መድኃኒቶችን ማጣመር ኩላሊትን ይጠብቃል ያለው ኮኦፐሬት በ2009 ከመጽሔቱ የተሻረው ደግሞ በመረጃው አስተማማኝነት ምክንያት ነው፤ ያንንም የትኛውም የሰንጠረዥ ስሌት አያጋልጠውም።

ስታርት-ኤኬአይ ላይ ተመልሼ የማየው አንድ መስመር አለ። በ90 ቀን በሕይወት ከነበሩት መካከል፣ ቶሎ ከታጠቡት ከ814 ሰው 85፣ ከተጠበቁት ከ815 ሰው 49 ገና እጥበት ላይ ነበሩ። 10.4 ከ6.0 በመቶ ጋር። የተሰባሪነት ቁጥሩ ከ10 በላይ ነው፤ የኢሌይን ዋና ውጤት ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ። ግን ዋና መለኪያ አይደለም፣ የተነጻጸሩትም በዕጣ የተደለደሉት ሁሉ ሳይሆኑ የተረፉት ብቻ ናቸው። ሞቱ በሁለቱም ቡድን እኩል መሆኑ ስጋቱን ያቀልለዋል፤ አያጠፋውም። እኔ ይህንን መስመር አምነዋለሁ፤ ደም ግፊት በእጥበት ጊዜ ሲወርድ እያገገመ ያለ ኩላሊት እንደሚጎዳ ስለሚታወቅ፣ በዚያው ጥናትም ጎጂ ክስተቶች ቶሎ በታጠቡት ላይ 23.0 በመቶ፣ በተጠበቁት ላይ 16.5 በመቶ ስለነበሩ።